ንጹሕ ነው ያልነው ፊልም

ውድ አንባብያን፣ እስቲ ለአፍታ ወደ ኋላ ተመለሱና ከባለቤታችሁ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ አብራችሁ ያያችሁትን ፊልም አስታውሱ። አንዳንዶቻችሁ በእጮኝነታችሁ ጊዜ ፒያሳ ወጥታችሁ ሲኒማ ገብታችሁ ይሆናል። አቃቂና ቃሊቲ ያደጋችሁ ደግሞ ቪዲዮ ቤቱን አትረሱትም፤ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በር ላይ በተደገፈ ሰሌዳ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ተጽፎ፣ አግዳሚ ወንበሩ በሰው ተጨናንቆ። ጌታን ካገኘን በኋላ ብዙዎቻችን ያንን ዘመን "የዓለም ጊዜዬ" ብለን ዘጋነው። ፊልሞቹ ያስተማሩንን ግን ከልባችን ማስወጣታችንን እንጃ።

ዶሮ ወጥ ሲያድር ይጥማል ይባላል። ሲያድር የሚሻግት ምግብም አለ። ፊልምም እንዲሁ ነው። ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ መልሳችሁ ስታዩት የሚያሳፍራችሁ ፊልም አለ። ቀለሙ ስለደበዘዘ ወይም የልብሱ ፋሽን ስላለፈበት አይደለም፤ ያ ብቻ ቢሆን ያስቃል እንጂ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ያኔ "እንዴት ያለ ፍቅር ነው!" ብለን የተደነቅንበት ነገር ዛሬ ሌላ ስም ያለው ሆኖ ስናገኘው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቃሊቲ

ባለፈው ዓመት በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን የባለትዳሮች ኅብረት የፊልም ፕሮግራም አዘጋጅቶ ነበር። ከሦስቱ አዘጋጆች አንዱ እኔ ስለነበርኩ ከዚህ በታች የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ እንዳልሆነ ተረዱልኝ። አዳራሹ በደብረ ዘይት መንገድ ዳር ስለሆነ ተሳቢ መኪና ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጠርን፣ ፕሮጀክተር ተከራየን፣ እህቶች ፈንዲሻና ሻይ አዘጋጁ።

ፊልሙን ለመምረጥ ብዙ ተከራክረናል። መስፈርታችን ግልጽ ነበር፤ ራቁት ገላ የማይታይበት፣ ስድብ የሌለበት፣ ደም የማይፈስበት። በዚህ ወንፊት ሲጣራ የዘመኑ ፊልም ሁሉ ወደቀ። በመጨረሻ አንድ ወንድም ልጁ ከአሜሪካ የላከለትን ዲቪዲ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤም ጂ ኤም የተባለው የሆሊውድ ኩባንያ ያወጣው፣ ስታንሊ ዶነን ያዘጋጀው "ሰባት ሙሽሮች ለሰባት ወንድማማቾች" የተባለ የዘፈንና የጭፈራ ፊልም ነው። በሙዚቃው ኦስካር ተሸልሟል፣ ለምርጥ ፊልምነትም ታጭቶ ነበር። ለአሥርተ ዓመታት ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያየው ፊልም ሆኖ ቆይቷል። "ይህ ንጹሕ ፊልም ነው" ተባባልንና ወሰንን።

ታሪኩን ላላያችሁት ላውጋችሁ። ዘመኑ 1850 ነው፣ ቦታው በአሜሪካ የኦሪገን ተራሮች። እናታቸው ሰባቱንም ልጆች ከመጽሐፍ ቅዱስ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው የሰየመቻቸው፤ አዳም፣ ብንያም፣ ካሌብ፣ ዳንኤል፣ ኤፍሬም እያለች ትወርድና ስድስተኛው ፊደል ላይ ስትደርስ ስም ታጣለች። ስለዚህ ልጁን "እጣን" አለችው፤ የመጨረሻው ጌዴዎን ነው። እዚህ ላይ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ታላቁ አዳም ከተማ ወርዶ ሚሊ የምትባል ልጅ በአንድ ቀን አይቶ፣ ጠይቆ፣ አግብቶ ተራራው ላይ ይዟት ይመለሳል። ስድስቱ ወንድሞቹም ሚስት ያምራቸዋል። አዳም በጥንት ዘመን ሮማውያን የሳቢን ሴቶችን እንዴት ጠልፈው እንዳገቡ በዘፈን ይተርክላቸዋል። እነርሱም ሌሊት ከተማ ገብተው ስድስት ልጃገረዶች አፍነው፣ በሠረገላ ጭነው፣ ከኋላቸው በረዶ እንዲናድ አድርገው መንገዱን ይዘጋሉ። እስከ ፀደይ ድረስ ማንም ሊደርስላቸው አይችልም።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንድ ወጣት በማይክሮፎን እየተረጎመ ነበር፤ ተጫዋች ልጅ ነው፣ የልጃገረዶቹን ጩኸት ሳይቀር በሚያስቅ ድምፅ አስመሰለው። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መብራት ሲበራ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ አየሁ። አጠገቡ ባልየው ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

እኚህ እናት በቤተ ክርስቲያናችን የታወቁ የጸሎት ሰው ናቸው። ባለቤታቸው በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው በጡረታ የተገለሉ፣ ትሑትና ዝምተኛ አባት ናቸው። አራት ሴት ልጆች አሳድገው ድረዋል። በሠርግ ላይ "እንደ እነርሱ ያድርጋችሁ" ተብሎ የሚመረቅባቸው ባልና ሚስት ናቸው። እኛ አዘጋጆቹ የማናውቀው፣ ከዕድሜ እኩዮቻቸው ጥቂቶች ግን የሚያውቁት ነገር ነበር። እናታችን በ1970ዎቹ መጀመሪያ በገጠር፣ ገና በአሥራ አራት ዓመታቸው፣ ከምንጭ ውኃ ቀድተው ሲመለሱ ነበር የተጠለፉት። የጠለፏቸውም እኚሁ ባላቸው ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ነው። ሽማግሌ ገባ፣ ከብት ተሰጠ፣ ነገሩ በረደ።

በሚቀጥለው ሳምንት የሴቶች አገልግሎት መሪዋ ቤታቸው ሄዳ ለምን እንደወጡ ጠየቀቻቸው። እናታችን ቡና እያፈሉ፣ "ምንም የለም ልጄ፣ ሰዉ ሲስቅ ሰማሁና ነው። ያኔም ሰው ይስቅ ነበር" አሏት።

ፊልሙ የሰረዘው ንስሐ

ከዚያ በኋላ ፊልሙን ብቻዬን መልሼ አየሁት። ፍትሐዊ ልሁንና በፊልሙ ውስጥ ድርጊቱን የሚቃወም የለም ማለት አይቻልም። ሚሊ ወንድማማቾቹን አምርራ ትገሥጻቸዋለች፤ ከቤት አስወጥታ ከከብቶቹ ጋር በጋጣ ታሳድራቸዋለች። እኛም "ንጹሕ" ያልነው አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ማንም ማንንም አልነካም። ከዚህም በላይ፣ አዳም ሚሊ ሴት ልጅ እንደወለደችለት ሲያውቅ ልቡ ይሰበራል። የራሱን ልጅ አንድ ሰው ቢጠልፍበት ምን እንደሚያደርግ ያስባል፤ ልጃገረዶቹም ወደ ቤታቸው መመለስ እንዳለባቸው ለወንድሞቹ ይነግራቸዋል። ይህ ንስሐ ነው፤ እውነተኛ ንስሐ።

ታዲያ ፊልሙ ምን አደረገ? ልጃገረዶቹ አንመለስም ይላሉ። ወደዋቸዋላ! አባቶቻቸው ጠመንጃ ይዘው ሲደርሱ የሕፃን ልቅሶ ይሰማሉ፤ የማን ናት ሲባሉ ስድስቱም በአንድ ድምፅ "የእኔ" ይላሉ። አባቶች ከዚህ በኋላ ምን ምርጫ አላቸው? እዚያው ይድሯቸዋል፤ ፊልሙም በሠርግ ያልቃል። አዳም ያመጣውን ንስሐ ፊልሙ ራሱ ሰረዘው፤ ተበዳይ የለም፣ ስለዚህ በደልም አልነበረም አለ።

ውድ አንባብያን፣ ይህ አጨራረስ ለእኛ እንግዳ ነው? "አንዴ ከእጁ ገብታለች፣ ከእንግዲህ ማን ያገባታል?" ተብሎ አባት የተስማማበት ሠርግ በአገራችን ስንት ነው? ሕጋችን ራሱ ያንን አጨራረስ ያውቀው ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 558 ጠለፋን ይቀጣል፤ ጠላፊው የጠለፋትን በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ግን ከክስ ይድን ነበር። ይህ የተለወጠው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። በአዲሱ አንቀጽ 587 ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል፤ ኋላ ላይ የተፈጸመ ጋብቻም ወንጀለኛውን ነጻ አያወጣውም። ከዚያ በፊት በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አድርጎ ነበር።

ስለዚህ የሆሊውዱን ፊልም "የፈረንጅ ጨዋታ ነው" ብለን ልናልፈው አንችልም። እነርሱ ሲዘፍኑት እኛ ስንኖረው ነበር።

ሴሎ ላይ የጨፈሩት ልጆች

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አውጡና መሳፍንት 21ን አንብቡ። ከፊልሙ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ ታገኛላችሁ። ከእርስ በርስ ጦርነት የተረፉት የብንያም ወንዶች ሚስት አጥተዋል። ሽማግሌዎቹ መከሩ። በሴሎ የእግዚአብሔር በዓል ሲከበር ልጃገረዶች ለጭፈራ ይወጣሉ፤ በወይን ቦታ አድብታችሁ እያንዳንዳችሁ አንዲት አንዲት ያዙ አሏቸው። አባቶችና ወንድሞች ቢያለቅሱስ? እኛ እናባብላቸዋለን አሉ። እንደተባለውም ሆነ።

እዚያ ታሪክ ውስጥ ዘፈን አለ፤ የሚዘፍኑት ግን ልጃገረዶቹ ናቸው፣ ያውም ከመጠለፋቸው በፊት። ጸሐፊው "በመጨረሻ ተዋደዱ" አይልም። ሠርግ አልሠራላቸውም። የመጽሐፉ የመጨረሻ ቁጥር በዚያ ዘመን ንጉሥ እንዳልነበረና ሰው ሁሉ ደስ ያሰኘውን ያደርግ እንደነበር ነግሮን ያበቃል። ዘፍጥረት 34 ላይም ሴኬም ዲናን ካስነወራት በኋላ በለሰለሰ ቃል እንዳናገራት ተጽፏል፤ መጽሐፉ ግን ያንን ለስላሳ ቃል ፍቅር አድርጎ አልሸለመውም። ስለ እነዚህ ምዕራፎች በመድረካችን ብዙም አይሰበክም። እኔ ራሴ በሠላሳ ዓመት የክርስትና ሕይወቴ ከመሳፍንት 21 የተሰበከ ስብከት ሰምቼ አላውቅም።

ሌሎቹስ?

ጉዳዩ የአንድ ፊልም ብቻ አይደለም። "በነፋስ የተወሰደ" የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣ ፊልም ብዙዎቻችሁ በስም ታውቁታላችሁ። መጽሐፉን ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞት "ነገም ሌላ ቀን ነው" በሚል ስም ለአገራችን አንባቢ አብቅቶታል። በፊልሙ ውስጥ ባሮቹ በባርነታቸው የተደሰቱ ይመስላሉ። ሞግዚቷን ሆና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል እ.ኤ.አ. በ1940 ኦስካር በመሸለም የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች፤ በዚያው የሽልማት ምሽት ግን ከሥራ ባልደረቦቿ ተለይታ ለብቻዋ በተዘጋጀ ጠረጴዛ ነበር የተቀመጠችው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ኤች ቢ ኦ ማክስ የተባለው ኩባንያ ፊልሙን ለጊዜው አነሳው፤ ብዙም ሳይቆይ አንዲት የፊልም ምሁር ከመግቢያው ላይ ማብራሪያ እንድትሰጥበት አድርጎ መለሰው።

ለእናንተ ለባለትዳሮች ግን በዚያ ፊልም ላይ ሌላ ነገር አሳያችኋለሁ። ባልየው ሰክሮ፣ ሚስቱ እየታገለችው በግድ ተሸክሟት በደረጃው ወደ መኝታ ቤት ይወጣል። በማግስቱ ጠዋት ሚስትየው አልጋዋ ላይ ፈገግ ብላ ትነቃለች። ተመልካቹ የሚወስደው ትምህርት ምንድን ነው? "እምቢታዋን አትስማ፣ ነገ ትስቃለች" የሚል ነው። የአገራችን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲደነግግ ዛሬም "ከጋብቻ ውጭ" ይላል። ጳውሎስ ግን በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥3-5 ለባል የሚናገረውን ለሚስትም እኩል ይናገራል፤ በስምምነት ካልሆነ የሚለው ቃልም እዚያው አለ። ያንን ክፍል ወንዶች ሚስቶቻቸውን ለመገሠጽ ብቻ ሲጠቅሱት ሰምቼ አዝኜ አውቃለሁ።

ወደ ቪዲዮ ቤቱ እንመለስ። በአቃቂ ሠፈሮች የብዙ ወንዶች የፍቅር መምህር የህንድ ፊልም ነበር። አክተሩ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ልጅቷን መንገድ ላይ ይከተላታል፣ ይዘፍንባታል፣ ሻርፗን ይጎትታል፤ በጥፊ ትመታዋለች፤ ከሦስት ዘፈን በኋላ ወድዳዋለች። ከዚያ ወጥተን ምን አደረግን? ለከፋ። የዛሬዎቹ ሴት ልጆቻችን ቃሊቲ መናኸሪያ ታክሲ ሲጠብቁ የሚሰሙትን ጠይቋቸው፤ ሲነግሯችሁ ደግሞ "ዝም ብለሽ እለፊ" ብቻ አትበሏቸው።

የራሳችንንም ሥራ ሳልነካ አላልፍም። በ1990ዎቹ በየአብያተ ክርስቲያናቱ የተሠሩ የኤች አይ ቪ ድራማዎች ትዝ ይሏችኋል? ታማሚው ሁልጊዜ ከቤት ኮብልሎ በዝሙት የጠፋ ልጅ ነበር፤ ሁልጊዜም በመጨረሻው ትዕይንት ይሞታል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር የሞቱ ትዕይንት አረጀ። የመጀመሪያው ክፍል ግን ሲሠራም የተበላሸ ነበር፤ በአዳራሹ ውስጥ ከገዛ ባሏ ቫይረሱ የያዛት ታማኝ ሚስት ተቀምጣ ታይ እንደነበር አላሰብንም።

ደግሞ ሳይሻግት የሚቆይም አለ። በየገጠሩና በየሠፈሩ በነጭ ሸራ ላይ ያየነው "የኢየሱስ ፊልም" እ.ኤ.አ. በ1979 የተሠራ ሲሆን ከ2000 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ታሪኩ በሉቃስ ወንጌል ላይ የቆመ ነው። ዛሬ ስታዩት ከሉቃስ የተወሰደው እንዳለ ነው፤ ያረጀው ከ1979 ፀጉር አስተካካይ የተወሰደው ነው።

በደግ ሐሳብ የተሠራ ፊልምም ቢሆን ሊሳሳት ይችላል። "ድፍረት" የተባለው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1996 በአሥራ አራት ዓመቷ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን በጠመንጃ ገድላ በተከሰሰችና ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ ነጻ በወጣች ልጅ ታሪክ ላይ ነው። የተከራከረችላት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሠረተችው መዓዛ አሸናፊ ነበረች። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ባለታሪኳ ፈቃዴን አልተጠየቅሁም ብላ ነበር። እግዱ በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታይቷል። ስለ ጠለፋ የተሠራ ፊልም እንኳ ሴቲቱን መጠየቅ ሊረሳ እንደሚችል አስቡት።

እንግዲህ ቤታችሁ ስትገቡ

አንዳንድ ወገኖች "ለዚህ ነው ፊልም የማናየው" እንደሚሉ አውቃለሁ። ጌታን ባገኘን ሰሞን ካሴቶቻችንን ያቃጠልን አለን፤ አላፈርኩበትም። ካሴቱን ብናቃጥለውም ግን ያስተማረን ነገር አልተቃጠለም። ሚስቱን ሲቆጣ የሚገለጸው ጀግና፣ "ሴት እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው" የሚለው አባባል ከቴፑ ጋር አልነደደም።

የእኛ ወንፊት ራቁት ገላንና ስድብን ይይዛል። ጥሩ ነው፣ ይያዝ። ነገር ግን "ይህ ፊልም ፍቅር ብሎ የሚጠራው ምንን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ቀዳዳ የለውም። እኔ የምመክራችሁ ከእጮኝነታችሁ ዘመን አንድ ፊልም መርጣችሁ ከባለቤታችሁ ጋር መልሳችሁ እንድታዩ ነው። ልጆች ከተኙ በኋላ ይሁን። ወንዱ ሲያሳድድ፣ ሲጎትት፣ በጥፊ ሲመታ አቁሙትና፣ ባልየው ሆይ፣ ሚስትህን "ይህ ሲደረግ ምን ይሰማሻል?" ብለህ ጠይቅ። መልሱ ስለ ፊልሙ ላይሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ "ያለፈ ነገር ነው" ወይም "ጌታ ይቅር ብሎናል" ለማለት አትቸኩል። ጌታ ይቅር ማለቱ እርሷን አለመጠየቅህን አይሸፍንም።

ልጆቻችሁስ? የድሮ ፊልም ስታሳዩአቸው እንደዚያች ምሁር ከመጀመሩ በፊት አምስት ደቂቃ ተናገሩ። ልጆች ከምንገምተው በላይ ይገባቸዋል። የእኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የፊልሙን ታሪክ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ "ክረምቱን ሙሉ እናቶቻቸው ምን እያሰቡ ነበር?" ፊልሙ እናቶቹን አያሳይም።

የእነዚያን ባልና ሚስት ነገር ሳልነግራችሁ ላልጨርስ፤ በፈቃዳቸው ነው የምጽፈው። አባትየው ያን ዕለት ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይተውት ነበር። አዳም ስለ ሴት ልጁ የተናገረውን ወጣቱ ሲተረጉም ሰምተው አራቱ ልጆቻቸው ፊታቸው ላይ እንደመጡባቸው ኋላ ለመጋቢያችን ነገሩት። ቤት ሲደርሱ መብራት ጠፍቶ ነበር። እናታችን በጨለማ ተቀምጠዋል። አባታችንም ከአርባ ዓመት በላይ አብረው ኖረው አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቁትን ጠየቁ፤ ያን ቀን ምን ሆነሽ ነበር አሏቸው። እናታችን መጀመሪያ የነገሯቸው ስለ እንስራው ነው። የእናታቸው እንስራ ነበር፤ መንገድ ላይ ተሰበረ፤ ለእናታቸው ምን እላለሁ እያሉ ሲያለቅሱ ሁሉም ስለ ሌላ ነገር የሚያለቅሱ መስሏቸው ነበር። የቀረውን እስከ ሌሊት አወሩ። የተባባሉት የእነርሱ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ አባታችን በባለትዳሮች ኅብረት ፊት ቆመው፣ እንዲህ ያለ ትዳር ያለው ወንድ ሁሉ ቤቱ ገብቶ እንዲጠይቅ ነገሩን። ረዥም ንግግር አላደረጉም። ሲጨርሱ እናታችን ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ቦታ ሰጧቸውና ተቀመጡ።

ኅብረቱ የፊልም ፕሮግራሙን አላቆመም። የሚቀጥለውን ፊልም እናቶች ይምረጡት ተብሎ ተወስኗል። እስካሁን ሦስት አይተው ሦስቱንም ጥለዋል።